ፎርት ዋርድ «የአፈር ቁልል» አይደለም፦ ለአንድ ወንድሜ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን እዚህ እኛ አካባቢ፣ ዋሽንግተንና ኖርዘርን ቨርጂኒያ ማለት ነው፣ ከቤተሰብ ጋር የሚኬድባቸውንና የማይኬድባቸውን ቦታዎች ዘርዝሮ ጽፎ ነበር፣ ሰው እየተቀባበለ ስላነበበው ለኔም ሦስት ሰው ላከልኝ። አብዛኛው ጥሩ ነው፣ ስለ ፓርኪንግና ስለ ሰዓት የጻፈው ለብዙ ሰው ይጠቅማል። አሌክሳንድሪያ ስላለው ፎርት ዋርድ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ስለተሰራው የአፈር ምሽግ ማለት ነው፣ የጻፈው ላይ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። ባጭሩ ያለው ይሄ ነው፦ ሄጄ አየሁት ምንም የለም፣ ዛፍ ውስጥ ያለ የአፈር ቁልል ነው፤ አቅም ቢኖራቸው በድንጋይ ይገነቡት ነበር፤ አንድ ጥይት እንኳን ያልተተኮሰበት ስለሆነ የባከነ ጉልበት ነው፤ መድፉም በሩም በኋላ የተሰራ ነው፤ ለነገሩ የነጮች የእርስ በርስ ጸብ ስለሆነ እኛን አያገባንም፤ ደግነቱ ልጆች ቁልሉ ላይ ወጥተው በካርቶን መንሸራተት ይችላሉ። እነዚህን አንድ ባንድ ልመልስልህ ወንድሜ። ቦታውን የማውቀው ከወረቀት ብቻ አይደለም፣ ሰፈሬ ነው፣ ከስራ መልስ ሁሌ የምዞርበት ነው፣ የአሜሪካንን ታሪክ ከየትም በላይ ያስተማረኝ እሱ ጉብታ ነው።

መጀመሪያ «ምንም የለም» ያልከው። ከጽሑፍህ እንደገባኝ መኪናህን አቁመህ ጠረጴዛዎቹና ባርቤኪው የሚጠበስበት ጋ ቆይተህ ነው የተመለስከው፣ እዛ ጋ ሆነህ ደግሞ እውነት ነው ዛፍና ሳር ነው የሚታይህ። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያየው፣ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደዛ ነበር ያየሁት፣ የሰው ልደት ተጠርቼ መጥቼ በልቼ ጠጥቼ ሄድኩ፣ የተቀመጥኩበት ቦታ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ልጄ ኳሷ ተንከባሎባት ዛፎቹ መሀል ገባች፣ ልፈልጋት ስሄድ አንድ ቦይ ውስጥ ወረድኩና ቀና ስል ከጭንቅላቴ በላይ የሚሄድ የአፈር ግድግዳ አየሁ፣ ቅጠል ሸፍኖታል፣ ሥር ወጥቶበታል፣ ግን ተዳፋቱ እኩል ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄድና በሹል ማዕዘን ይታጠፋል፣ እንደገና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተፈጥሮ እንደዛ አይታጠፍም። ሰው በዶማና በአካፋ የሰራው መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

ያ ግድግዳ ያኔውኑ የተቆለለው አፈር ራሱ ነው። የምሽጉ ግድግዳ ከ90 በመቶ በላይ ዛሬም ቆሟል። ዋሽንግተንን ለመጠበቅ ከተሰሩት ምሽጎች ብዙዎቹ ቤትና መንገድ ተሰርቶባቸው ጠፍተዋል፣ አንዳንዶቹ ስማቸው ብቻ የመንገድ ስም ሆኖ ቀርቷል። ፎርት ዋርድ ግን አምስት ማዕዘኑ ሙሉ ነው፣ ሰሜን ምዕራብ በኩል ያለውን ማዕዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1864 እንደነበረው አድርገው መልሰውታል፣ መድፍ የሚቆምበት የእንጨት መድረክ፣ በአፈር የተሸፈነው የባሩድ ቤት፣ ሁሉም አለ። እዛ ማዕዘን ላይ ቆመህ የታደሰውን አይተህ ከዛ ቀኝህን ይዘህ ወደ ዛፎቹ ስትገባ ያልታደሰውን ታያለህ፣ አንዱ ሌላውን ያስረዳሃል። እሱን ሳታይ ምንም የለም ማለት ቤተክርስቲያን ደጀ ሰላሙ ጋ ቆይቶ መመለስ ነው።

አሁን «አቅም ቢኖራቸው በድንጋይ ይገነቡት ነበር» ወዳልከው ልምጣ፣ እዚህ ጋ ብዙ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደተሰራ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1861 (ከዚህ በኋላ ያሉት የታሪክ ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በሰሜኖቹ፣ ማለትም በዋሽንግተኑ መንግስት፣ እና ባርነትን ለማቆየት ተገንጥለው በወጡት ደቡቦቹ መሀል ሲጀመር ዋሽንግተንን የሚጠብቃት አንድ ምሽግ ብቻ ነበር፣ ፖቶማክን ይዘህ ወደ ታች 12 ማይል ያህል ላይ ያለው ፎርት ዋሽንግተን፣ እሱም በወንዝ ለሚመጣ መርከብ የተሰራ። ከተማዋ ከወንዙ ማዶ ከጠላት ጋር ነው የምትፋጠጠው፣ ማዶው ቨርጂኒያ ነዋ። ሰሜኖቹ ግንቦት 24 ወንዙን ተሻግረው አሌክሳንድሪያን ያዙ። ሐምሌ 21 ማናሳስ ላይ ማለትም ቡል ረን ላይ ተመተው በድንጋጤ እየሮጡ ሲመለሱ ግን አለቆቹ ከተማዋ ባዶዋን እንደሆነች ገባቸው። ያኔ ጄኔራል ጆን ባርናርድ የሚባል መሀንዲስ ተመደበና ከተማዋን ዙሪያዋን በምሽግ ማጠር ተጀመረ፣ ፎርት ዋርድም በዛው ዓመት ተጀመረ፣ ስሙንም ያገኘው በጦርነቱ መጀመሪያ ከተገደለው የባህር ኃይል መኮንን ከጄምስ ዋርድ ነው።

እኛ አገር አምባ አለ። ዙሪያው ገደል ሆኖ መግቢያው አንድ ወይ ሁለት የሆነ ቦታ ፈልጎ መቀመጥ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን አጼ ቴዎድሮስ በነገሱበት ዘመን እኮ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ገደል የለም፣ ለስላሳ ጉብታ ነው ያለው። ስለዚህ ገደሉን ራሳቸው ሰሩት፣ ከፊት ቦይ ቆፍረው የቆፈሩትን አፈር ወደ ውስጥ እየከመሩ፣ ቦዩ ሲጠልቅ ግድግዳው ይረዝማል፣ አንዱ ስራ ሁለት ነገር ይሰራል። ለጥቃት የተጋለጠው ጎን ውፍረቱ ከ12 እስከ 18 ጫማ ይደርስ ነበር፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከውጭ በኩል ዝናብ እንዳያጥበው ሳር አለበሱት፣ ከውስጥ በኩል እንዳይናድ በእንጨት ደገፉት። ከቦዩ ውጪ ደግሞ ዛፍ ቆርጠው ቅርንጫፉን አሹለው ጫፉን ወደ ጠላት አዙረው ደረደሩት፣ የእሾህ አጥር ያየ ሰው በደንብ ይገባዋል። ከዛ ውጪ ያለው ጫካ ሁሉ ለእይታ ተብሎ ተመነጠረ። ዛሬ «ዛፍ ውስጥ ያለ» ያልከው ቦታ ያኔ አንድ ዛፍ አልነበረውም፣ ከላይ ሆኖ የሌስበርግን መንገድና የሊትል ሪቨርን መንገድ መጠበቂያ ነበር። ሁለቱን መንገዶች አንተም ታውቃቸዋለህ፣ አንዱ ሩት 7 ነው፣ ሌላው ዱክ ስትሪት ሆኖ ከተማ የሚገባው 236 ነው፣ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ በቀን ሃያ ጊዜ የሚመላለስበት።

መጀመሪያ ዙሪያው 540 ያርድ ነበር፣ 24 የመድፍ ቦታ ነበረው። በኋላ አስፍተውት 818 ያርድ ሆነ፣ የመድፉም ቦታ 36። ጦርነቱ ሲያልቅ በዋሽንግተን ዙሪያ 68 ምሽግ፣ 93 ለሜዳ መድፍ የተዘጋጀ ቦታ፣ 807 የተጠመደ መድፍ፣ 98 ሞርታር፣ 20 ማይል የእግረኛ ቦይ፣ 32 ማይል ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ መንገድ ነበር። ክቡ 37 ማይል ነው። ድሃ አገር እንዲህ አይነት ነገር አይሰራም ወንድሜ።

ደግሞ በድንጋይ ቢሰሩት ይሻል ነበር የምትለው፣ በዛ ጦርነት የተረጋገጠው ተቃራኒው ነው። ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ወንዝ አፍ ላይ ፎርት ፑላስኪ የሚባል አለ፣ 25 ሚሊዮን ገደማ ጡብ የፈጀ፣ ግድግዳው ሰባት ጫማ ተኩል የሚወፍር፣ ለመስራት ከ1829 ጀምሮ አስራ ምናምን ዓመት የወሰደ፣ ማንም አይሰብረውም የተባለለት። ሚያዝያ 1862 ሰሜኖቹ ማዶ ታይቢ ደሴት ላይ ሆነው ከአንድ ማይል በላይ ርቀት በአዲሱ መድፍ፣ አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር ባለው፣ ደበደቡት። 30 ሰዓት። ሠላሳ ሰዓት ብቻ ነው የፈጀው፣ ግድግዳው ተበስቶ ጥይቱ ወደ ባሩድ ቤቱ መግባት ሲጀምር የውስጡ አዛዥ እጁን ሰጠ።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን አጠገብ ፎርት ዋግነር የሚባል ነበር፣ እሱ የደቡቦቹ ነው፣ ከአሸዋና ከዘንባባ ግንድ የተሰራ። ሐምሌ 18 ቀን 1863 ከባህርም ከየብስም ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቀጥ ዋለ፣ አሁን ውስጡ ሰው አልቀረም ብለው ማታ ላይ እግረኛ ላኩበት፣ ሰዎቹ ግን ከአሸዋው ስር ወጥተው ቦታቸውን ያዙ። ፊት ሆኖ የሄደው የሰሜኖቹ የማሳቹሴትስ 54ኛው ሬጅመንት ነው፣ የጥቁር ወታደሮች፣ 600 ያህል ሆነው ሄደው 270 ያህሉ ሞተው፣ ቆስለው ወይ ጠፍተው ቀሩ። ዋግነር በጥቃት አልተያዘም፣ ደቡቦቹ ራሳቸው ጥለውት የወጡት መስከረም ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጡብና ድንጋይ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ፍንጣሪው ራሱ ሰው ይገድላል። አፈር ግን ጥይቱን ይውጠዋል። ቀን የተቦደሰው ማታ በአካፋ ይሞላል፣ ጠዋት ምሽጉ እንደነበረ ነው። አፈር የመረጡት እውቀት ነው፣ በዛ ላይ በሳምንታት ውስጥ የሚሰራ ነገር ነው የሚያስፈልጋቸው የነበረው።

«አንድ ጥይት አልተተኮሰበትም» ላልከው፣ ልክ ነህ፣ ፎርት ዋርድ አልተጠቃም። ለምን እንዳልተጠቃ ግን ዘለልከው። ነሐሴ 1862 መጨረሻ ላይ ሰሜኖቹ እዛው ማናሳስ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመቱ፣ የደቡቦቹ ጄኔራል ሮበርት ሊ አሸናፊ ሆኖ ከዋሽንግተን በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ቆመ። የተመታው ጦር ተመልሶ እነዚህ ምሽጎች ውስጥ ገባ። ሊ አልተከተለውም። ወደ ሜሪላንድ ዞረ፣ ከዛ በመስከረም 17 አንቲተም ላይ ተገጣጠሙ፣ ሊ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ደግሞ ያንን ጠብቆ መስከረም 22 ባሮችን ነጻ የሚያወጣውን የመጀመሪያ አዋጅ አወጣ። ያቺ ከተማ በነሐሴ ብትያዝ ኖሮ አዋጁን የሚያወጣው መንግስት የት ይገኝ ነበር?

ጥይት የተተኮሰበትን ማየት ከፈለግክ ደግሞ ጆርጂያ አቬኑ ሂድ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ልጆች ይሄ የናንተ ነው። ሐምሌ 1864 የሰሜኖቹ ጦር ዋና አዛዥ ግራንት ምሽጎቹን ይጠብቁ የነበሩትን የከባድ መድፍ ወታደሮች ለራሱ ዘመቻ እግረኛ አድርጎ ስለወሰዳቸው ምሽጉ ሳሳ፣ የቀሩት ከሆስፒታል የወጡና የቢሮ ጸሐፊዎች ነበሩ። ጁባል ኧርሊ የሚባል የደቡብ ጄኔራል ይሄን አይቶ በሜሪላንድ ዞሮ መጣ። ሐምሌ 9 እዛው ሜሪላንድ ሞኖካሲ ላይ ሰሜኖቹ ገጥመውት አንድ ቀን አዘገዩት። ሐምሌ 11 እኩለ ቀን ላይ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ወርዶ ፎርት ስቲቨንስ ፊት ለፊት ደረሰ፣ ወታደሮቹ በሙቀቱ ዝለው መንገድ ላይ እየወደቁ ነበር። ከፊቱ ያየው ግን ምንጣሮ፣ ቦይ፣ የአፈር ግድግዳና መድፍ ነው። ወዲያው አልገባም። እዛው ላይ ቆሞ ሲያመነታ ያ ጥቂት ሰዓት ነው ከተማዋን ያዳናት፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ግራንት ከደቡብ በመርከብ የላከው ስድስተኛው ኮር የሚባል ትልቅ የሰሜኖቹ ጦር መድረስ ጀመረ። በማግስቱ ሊንከን ራሱ ምሽጉ ላይ ወጥቶ ሲያይ አጠገቡ የቆመ ሀኪም በጥይት ተመታ። ኧርሊ ማታውን ተመለሰ። የሞቱት 40 ያህል የሰሜን ወታደሮች እዛው ጆርጂያ አቬኑ ላይ በአንዲት ትንሽ መቃብር ስፍራ ክብ ሰርተው ተቀብረዋል፣ ከአጠገቡ አውቶቡስ ይቆማል።

ምሽግ ስራው ጠላት አይቶት እንዲያመነታ ማድረግ ነው። ይሄን እኛ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፣ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የጣሊያኖቹን እርድ፣ ምሽጋቸውን ማለት ነው፣ በጀግንነት ብቻ ለመስበር የተሞከረው ስንት ሰው አስጨርሶ በመጨረሻ የተለቀቀው እቴጌ ጣይቱ ውሃውን ካስያዙ በኋላ ነው። እርድ ላይ በባዶ ሜዳ መሮጥ ምን እንደሚያስከፍል የኛ ሰው ያውቃል። ኧርሊም ያውቅ ነበር።

«መድፉም በሩም በኋላ የተሰራ ነው» የሚለው አጭር መልስ ነው የሚፈልገው። አዎ። ሙዚየሙም ጭምር የዘመኑን የጦር መምሪያ ቤት አስመስለው የሰሩት ነው። ማንም አልደበቀም። የመጀመሪያው እንጨትና ብረት ጦርነቱ እንዳለቀ በ1865 ፈርሶ ተወስዷል። ከተማው በ1961 አርኪዮሎጂስት አስገብቶ አስቆፍሮ በ1964 ፓርኩን ሲከፍት በሩን የዘመኑን ንድፍና ፎቶ ተከትሎ አሰራው፣ በሩ ላይ ያለችው የግንብ ምስል የጦሩ መሀንዲሶች ምልክት ናት። አፈሩ ግን ያው ነው፣ ያልኩህ ነው።

«የነጮች ጸብ ነው እኛን አያገባንም» ያልከው ግን በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ምናልባት ሳታስበው ጽፈኸው ይሆናል። ከዚሁ ከአፈር ምሽግ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር ልንገርህ። ግንቦት 1861 ሃምፕተን አጠገብ ሦስት ሰዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፓርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሰንድ፣ ባሪያ ተደርገው የተያዙ፣ ለደቡቦቹ ጦር መድፍ የሚተከልበት ምሽግ እንዲቆፍሩ ተላኩ። የሚቆፍሩት ምሽግ ለማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ እነሱን ባሪያ አድርጎ ለማስቀረት የሚዋጋ ጦር ነው። ሌሊት በጀልባ አምልጠው ሰሜኖቹ ወደያዙት ፎርት ሞንሮ ገቡ። የባለቤታቸው ወኪል መጥቶ በህጉ መሰረት መልሱልን አለ፣ አዛዡ ቤንጃሚን በትለር ጠበቃ ነበር፣ እናንተ ከአገሩ ወጥተናል እያላችሁ የአገሩን ህግ መጥቀስ አትችሉም፣ ደግሞ ለጦርነት የምትጠቀሙበት ነገር ስለሆነ ይወረሳል ብሎ አስቀራቸው። «ኮንትራባንድ» ተባሉ፣ እኛ ኮንትሮባንድ የምንለው ቃል ራሱ ነው። ሰው ሆነው ሳለ በእቃ ስም ነጻ ወጡ። ወሬው ሲሰማ በመቶ፣ በሺህ እየሆኑ ወደ ሰሜኖቹ ሰፈር መፍለስ ጀመሩ፣ ብዙዎቹ ደግሞ እዛም ሲደርሱ የተሰጣቸው ስራ ቁፋሮ ነው፣ የዋሽንግተንም ምሽጎች ላይ ሰርተዋል። ልዩነቱ አሁን የሚቆፍሩት ጠላታቸው እንዳይገባ መሆኑ ነው።

ወደ አሌክሳንድሪያም በሺዎች መጡ። በረሃብና በበሽታ ያለቁት ተቆጥረው አያልቁም፣ ከ1864 እስከ 1869 ከ1,700 በላይ ሰው የተቀበረበት የመቃብር ቦታ ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት ላይ አለ፣ ግማሹ ህጻን ነው። ከጊዜ በኋላ ተረስቶ ነዳጅ ማደያ ተሰርቶበት ነበር፣ መታሰቢያ የሆነው በ2014 ነው። እዛው ከተማ ውስጥ ለጥቁር ወታደሮች የተከፈተ ሉቨርቸር የሚባል ሆስፒታል ነበር፣ በታህሳስ 1864 እዛ የተኙ ቁስለኞች እኛም ወታደሮች ነን፣ ስንሞት ከወታደሮቹ መቃብር ነው መቀበር ያለብን ብለው ፒቲሽን ጻፉ፣ 443 ሰው ፈረመ፣ ተፈቀደላቸውም። አልጋ ላይ ሆኖ የት እንደሚቀበር የሚሟገት ሰው ነው የፈረመው።

ፎርት ዋርድ ራሱ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ባዶ አልቀረም። ጥቁር ቤተሰቦች ምሽጉ ውስጥና ዙሪያው ሰፈሩ፣ መሬት ገዙ፣ ቤት ሰሩ፣ ትምህርት ቤትና ቤተክርስቲያን ነበራቸው፣ ሰፈሩም «ዘ ፎርት» ተባለ። ለትውልድ ነው የኖሩበት፣ እስከ 1960ዎቹ ድረስ። ከተማው ምሽጉን አድሶ ፓርክ ለማድረግ ሲወስን መሬታቸው አንዳንዱ በግዢ አንዳንዱ በግዳጅ ተወሰደና ሰፈሩ ፈረሰ። ያንተ ጽሑፍ ላይ ይሄ ቢኖር ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቦታው ላይ ትችት ካለህ ትክክለኛው ትችት ይሄ ነው። የአንድን ጦርነት መታሰቢያ ለመስራት ጦርነቱ ነጻ ያወጣቸውን ሰዎች ልጆች አነሱ። ለብዙ ዓመት ፓርኩ ውስጥ ስለነሱ የሚናገር ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ልጆቻቸው ናቸው ጮኸው ጮኸው መቃብራችን የት ሄደ ብለው አርኪዮሎጂስቶቹ እንደገና እንዲመጡ ያደረጉት፣ ምልክት የሌላቸው መቃብሮችም ተገኙ። የኦክላንድ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን መቃብር ዛሬም እዛው ፓርኩ ውስጥ ነው። አንዴ እሁድ ከሰዓት ሳልፍ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወንበር ይዘው መጥተው መቃብር አጠገብ ተቀምጠው አበባ ሲያስተካክሉ አየሁ፣ ሰላም አልኳቸው፣ ይሄ የአያቴ ሰፈር ነው አሉኝ፣ በእጃቸው ቤቱ የነበረበትን አሳዩኝ፣ ያሳዩኝ ቦታ ሳር ብቻ ነው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር፣ የናቱ ቤት ፈርሶ መንገድ የወጣበት ሰው ይሄ አያገባኝም ማለት እንዴት ይችላል? እዚህ አገር በእኩልነት መጥተን መኖር የቻልነው እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው በከፈሉት ነው። ያንን ለልጄ ያስረዳኋት እዛው ግድግዳው ስር ቆሜ ነው።

የመጨረሻው በካርቶን መንሸራተቱ ነው፣ ለኔ ትልቁ ነገር እሱ ስለሆነ ነው መጨረሻ ያደረግኩት። ሌላው የአስተያየት ልዩነት ነው፣ ይሄ ግን ጉዳት ነው። የአፈር ግድግዳ የሚቆመው ሳሩ ስላለ ነው። ሳሩን ሥሩ ነው የያዘው፣ ሥሩ ደግሞ አፈሩን። ልጆች አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲወጡና ሲንሸራተቱ መጀመሪያ ሳሩ ይረገጥና ቢጫ ይሆናል፣ ከዛ ይላጣል፣ ከዛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው የሚወርድበት መንገድ ያገኛል። የታደሰው ማዕዘን ጎን ላይ እንደዛ የሆነ ቦታ አለ፣ ባለፈው ዓመት በጋ ላይ የእግር መንገድ የምታህል ጭረት ነበረች፣ ከሰኔው ዝናብ በኋላ ሄጄ ሳይ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩባት፣ ከስሩ ቀይ ጭቃ ተከምሯል። ያ ጭቃ ግድግዳው ነው። በዶማ የወጣው አፈር ከ160 ዓመት በኋላ ወደ ቦዩ ተመልሶ እየገባ ነው፣ ግድግዳው እያጠረ ቦዩ እየሞላ ሄዶ አንድ ቀን እኩል ይሆናሉ፣ ያኔ እውነትም የሚታይ ምንም ነገር አይኖርም። ድንጋይ ቢሆን ድንጋዩን መልሰህ ትክበዋለህ፣ አፈር አንዴ ከታጠበ ሌላ አፈር አምጥተህ ብትሞላው ያው አይደለም። አትውጡ የሚል ምልክት የተተከለው ለዚህ ነው፣ ልጆች ሮጠው የሚጫወቱበት ሜዳ ደግሞ እዛው ጎን ሰፊ አለ።

ጽሑፍህን ብዙ ሰው ነው የሚያነበው፣ ፋሲካ ደርሷል፣ ከጾም ፍቺ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ቤተሰቡ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ፓርክ ነው የሚወጣው። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጥይቱ፣ ስለ ጸቡ የጻፍከውን ተወው እንዳለ ይሁን፣ ሰው የኔንም ያንተንም አንብቦ ይፍረድ። የካርቶኗን መስመር ግን ዛሬውኑ አውጣት፣ እባክህ ወንድሜ።